ጉግል ካላንደርን በሰዓት ለተከፋፈለ ዕቅድ መጠቀም፦ ለእኛ ቀን ምን ያህል ይመቻል?

በሰዓት የተከፋፈለ ዕቅድ ማለት የሚሠሩ ሥራዎችን ዘርዝሮ ከመጻፍ አልፎ እያንዳንዱን ሥራ በቀኑ ውስጥ የተወሰነ ሰዓት ላይ ማስቀመጥ ነው። ዝርዝር ብቻ ከሆነ ለአንድ ቀን አሥራ አምስት ሥራ መጻፍ ይቻላል፤ ወረቀቱ እምቢ አይልም። ሰዓት ሲመደብ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ በካላንደሩ ላይ የሁለት ሰዓት ተኩል ቦታ ስለሚይዝ ለሌላው ሥራ የተረፈው ቦታ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ይህን የሚያሠሩ መተግበሪያዎች ዛሬ ቁጥራቸው ብዙ ነው፤ ግምገማቸውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው ዕቅዱ ሲወጣ በሚኖራቸው ውበትና ቅልጥፍና ላይ ነው። በእኔ አመለካከት ግን መተግበሪያው መመዘን ያለበት ዕቅዱ በሚፈርስበት ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት የወጣ ዕቅድ እስከ ማታ ሳይነካ የሚደርስበት ቀን እምብዛም የለም።

ለዚህ ግምገማ የመረጥሁት ጉግል ካላንደርን የሥራ ዝርዝር መያዣ ከሆነው ከጉግል ታስክስ ጋር አጣምሮ መጠቀምን ሲሆን፣ ሁለቱንም ያየኋቸው በግል የጂሜይል አካውንት በሚገኘው ነጻ አገልግሎት፣ በኮምፒውተርም በአንድሮይድ ስልክም ነው። ካላንደሩ ለሕዝብ የቀረበው በ2006 እ.ኤ.አ. ስለሆነ አዲስ ነገር አይደለም፤ ታስክስ በበኩሉ ራሱን የቻለ የስልክ መተግበሪያ የሆነው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። የእኔ ሥራ ለጥቂት አነስተኛ ድርጅቶች ሒሳብ መያዝ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ውስጥ የደመወዝ ወረቀት፣ የቫት ማስታወቂያ፣ ልጅን ከትምህርት ቤት መውሰድና የዕድር ስብሰባ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሥራውንና የቤቱን ጉዳይ በተለያየ ቦታ መጻፍ የማይበጀውም ለዚህ ነው፤ ሁለቱም የሚሻሙት ያንኑ አንድ ቀን ነውና።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። በኮምፒውተር የሳምንቱን ገጽ ከፍቶ ባዶው ቦታ ላይ ማውሱን ተጭኖ ወደ ታች መጎተት ብቻ ይበቃል፤ ሳጥን ይፈጠራል፣ ስም ይሰጠዋል፣ ቀለም ይመረጥለታል። መጀመሪያ ሊስተካከል የሚገባው ነገር መተግበሪያው ለማንኛውም አዲስ ቀጠሮ የሚሰጠው የአንድ ሰዓት ርዝመት ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ወደ ሠላሳ ደቂቃ መቀነስ ይቻላል። ይህ ካልተደረገ የሩብ ሰዓት የስልክ ጥሪ ሳይቀር የአንድ ሰዓት ሳጥን ይይዝና ቀኑ ሳይሞላ የሞላ ይመስላል። ቀለሞቹ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ቲማቲም፣ ሙዝ፣ በሶብላ በሚሉ ስሞች ነው የሚጠሩት። ለቤት ጉዳይ በሶብላን የመደብሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ነው፦ ሳምንቱን ከሩቅ ሲያዩት የትኛው ቀለም እንደበዛ፣ የትኛው ጨርሶ እንደጠፋ ወዲያው ይለያል፤ በሶብላው አረንጓዴ የማይታይበት ሳምንት ምን ዓይነት ሳምንት እንደነበር ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፤ እርሱም ሰዓቱ ነው። መተግበሪያው ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጥር ሲሆን እኛ ደግሞ ከንጋት ጀምረን እንቆጥራለን፤ ስለዚህ ደንበኛዬ «ነገ 3 ሰዓት» ሲለኝ በካላንደሩ ላይ የማስቀምጠው 9፡00 ላይ ነው። ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ለለመደው ሰው ከባድ ባይሆንም በጥድፊያ የተመዘገበ ቀጠሮ ላይ ስሕተት የሚገባው ግን በዚሁ በኩል ነው፤ «3 ሰዓት» ተብሎ ከሰዓት በኋላ 3፡00 ላይ የተጻፈ ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ ያርፋል፣ ይኸውም ሰው ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ እስኪጠብቅ ድረስ ማለት ነው።

ለዚህ አንድ ብልሃት አለ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም። በኮምፒውተር ሴቲንግ ውስጥ ከዋናው የሰዓት ክልል ጎን ሁለተኛ የሰዓት ክልል እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ ዓላማው በሁለት አገር መካከል ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ዋናውን የአዲስ አበባ እንደሆነ ትቶ ለሁለተኛው ቦነስ አይረስን መምረጥ ነው። አርጀንቲና ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀርና በአሁኑ ጊዜም ሰዓቷን በበጋና በክረምት ስለማትቀያይር፣ የእርሷ ሰዓት ከእኛ አቆጣጠር ጋር ቁጥር ለቁጥር ይገጥማል። በዋናው ረድፍ 7 ሲል በጎኑ 1 ይላል፤ ቀትር 12 ሲል በጎኑ 6 ይላል፤ ማታ 9 ሲል በጎኑ 3 ይላል። ለሁለተኛው ረድፍ ስም መስጠት ስለሚፈቀድ «ሐበሻ» ብሎ መሰየም ይቻላል። ሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ይገባል፦ አንደኛ፣ የሰዓቱ አጻጻፍ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንጂ በሃያ አራት ሰዓት መሆን የለበትም፣ አለዚያ የምሽቱ ቁጥር አይገጥምም፤ ሁለተኛ፣ ከቁጥሩ ጎን የሚታየው የጠዋትና የከሰዓት ምልክት የአርጀንቲና ስለሆነ ችላ ሊባል ይገባል። ከዚህ ውጪ ረድፉ በቀንና በሳምንት ገጽ ላይ ይታይ እንጂ ስልክ ላይ የሚመጣው ማሳሰቢያ እንደ ቀድሞው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው የምጋብዝበት ቀጠሮ ከሆነ የሐበሻውን ሰዓት ርዕሱ ውስጥ አስገብቼ «ጠዋት 3 ሰዓት፣ የኦዲት ውይይት» ብዬ እጽፋለሁ።

የሰዓቱ ጉዳይ በዚህ መልኩ ሲፈታ የወሩ ግን ይብሳል። የኢትዮጵያን ቀን ከፈረንጆቹ ቀን ጎን ማየት አንድ ነገር ነው፤ ተደጋጋሚ ቀጠሮን በኢትዮጵያ ወር ማስቆጠር ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፣ ይህን ደግሞ መተግበሪያው አይሠራም። በየወሩ በ21 የሚጠጣ የማርያም ጽዋ ማኅበርን እንውሰድ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ላይ ዋለ። ይህን ቀጠሮ «በየወሩ በ1 ይደገም» ብሎ ያስገባ ሰው በሚቀጥለው ወር ማሳሰቢያው የሚደርሰው ጥቅምት 22 ቀን ነው፤ ታኅሣሥ ላይ 23፣ ጥር ላይ 24 ይሆናል። ማኅበርተኛው ጠላውን ጠጥቶ ከተበተነ ከሦስት ቀን በኋላ «ዛሬ ማኅበር አለ» የሚል መልእክት መምጣቱ ለሣቅ ካልሆነ በቀር ለምንም አይጠቅም።

መፍትሔው የሚገኘው ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ከመሆናቸው ነው። የድግግሞሹ ምርጫ ውስጥ ገብቶ «በየወሩ» የሚለውን ትቶ «በየ30 ቀኑ» ማለት፣ ማብቂያውንም «ከ12 ጊዜ በኋላ» ማድረግ ነው። እንዲህ ከሆነ ቀጠሮው ከመስከረም 21 ተነሥቶ ያለ አንዳች ዝንፈት ነሐሴ 21 ላይ ያልቃል። አሥራ ሁለት ላይ ማቆም የግድ የሚሆነው በጳጉሜን ምክንያት ነው፤ አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀን ስለሚገባ አሥራ ሦስተኛው ድግግሞሽ መስከረም 21 ላይ መዋሉ ቀርቶ መስከረም 16 ላይ፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነበት ዓመት ደግሞ መስከረም 15 ላይ ያርፋል። በየዓመቱ ለአዲሱ ዓመት እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል ማለት ነው። እኔ ለወርሃዊ የሒሳብ መዝጊያ፣ ለቤት ኪራይና ለዕድር መዋጮ የምጠቀመው ይህንኑ ዘዴ ነው፤ ጳጉሜንም እነዚህን ሁሉ የማድስበት ጊዜ አድርጌዋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ግማሽ ቀን ያልቃል፤ ነገር ግን በዓለም ላይ ስንትና ስንት ተጠቃሚ ያለው ድርጅት ሊሠራው የሚችለውን ነገር ተጠቃሚው በእጁ እንዲሠራ መገደዱ የሚያስነቅፍ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው በቀጠሮና በታስክ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ መተግበሪያውን ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወውም ይህን ሳይለይ ስለሚቀር ይመስለኛል። በቀጠሮ መልክ የተቀመጠ ሳጥን ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ሥራው ይሠራ አይሠራ የሚጠይቅ የለም። ከ3 እስከ 5 ሰዓት ደረሰኝ መመዝገብ ብዬ አስቀምጬ በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ምንም ያልሠራሁ እንደሆነ፣ ማታ ገጹን ስመለከት ያ ሳጥን ከተሠራው ሥራ ሳጥን በምንም አይለይም። ታስክ ግን የተለየ ጠባይ አለው፤ ምልክት እስኪደረግበት ድረስ ያላለቁ ሥራዎች ውስጥ ተቆጥሮ በዛሬው ቀን ራስጌ ላይ መታየቱን ይቀጥላል። በአንጻሩ ታስክ የግል ነገር ስለሆነ ሌላ ሰው አይጋበዝበትም፤ ባልና ሚስት በጋራ የሚያዩት የቤት ሥራ ከሆነ ቀጠሮ ማድረግ ወይም የጋራ ካላንደር መክፈት ይሻላል።

ስለዚህ ረጅም ጊዜ የሚፈልገውንና ሰው የሚጠብቀኝን በቀጠሮ፣ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጠውንና ሊረሳ የማይገባውን ደግሞ በታስክ አስቀምጣለሁ። በቀጠሮ ሳጥን ውስጥ ያለ ሥራ ሲያልቅ ቀለሙን ወደ ግራጫ እቀይረዋለሁ፤ ማታ ላይ ቀለሙን ይዞ የቀረ ሳጥን ካለ ያ ሥራ አልተሠራም ማለት ነው፣ ጎትቼም ወደ ነገ ወይም ወደ ሌላ ቀን አሻግረዋለሁ። እዚህ ላይ መተግበሪያው የሚጎድለው ነገር አለ፦ አንድ ሥራ ከቀን ወደ ቀን ስንት ጊዜ እንደተገፋ አይቆጥርም። ከሰኞ ወደ ማክሰኞ፣ ከማክሰኞ ወደ ዓርብ የተጎተተ ሳጥን ሁልጊዜ ዛሬ የተጻፈ አዲስ ሥራ መስሎ ይታያል። ባንኮች በዓመት መባቻ የሚያድሉት የወረቀት አጀንዳ በዚህ ረገድ ይበልጣል፤ የተሰረዘው መስመር እዚያው ገጹ ላይ ስለሚቀር ባለቤቱን ያሳፍረዋል።

ከላይ እንዳልሁት ዋናው ፈተና የዕቅድ መፍረስ ነው። ለቅሶ ቀጠሮ አይጠይቅም። ጎረቤት ያረፈ እንደሆነ የዚያን ቀን ሥራ ሁሉ መተው ግድ ነው፤ ሠልስት ላይ መገኘት አለ፤ የዕድር ተረኛ የሆነ ሰው ደግሞ ድንኳን ከማስተከል ጀምሮ ብዙ ነገር ይጠብቀዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጉግል ካላንደር ጥንካሬው ይታያል፤ የቀኑን ሳጥኖች አንድ በአንድ ጎትቶ በሳምንቱ ባዶ ቦታ ላይ መበተን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፣ የተጋበዘ ሰው ካለም ለውጡ በኢሜይል ይደርሰዋል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው በሳምንቱ ውስጥ ባዶ ቦታ ሲኖር ብቻ ነው። ሳምንቱን ከጠዋት እስከ ማታ ሞልቶ ያቀደ ሰው አንድ ቀን ሲፈርስበት የሚያሻግርበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ «ክፍት» የሚል ሳጥን አስቀምጬ ምንም አላስገባበትም፤ የተረፈና የተገፋ ሥራ ወደዚያ ይገባል።

የሳጥኑን ርዝመት በተመለከተም ራስን አለማመን ይጠቅማል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. ሰው ለሥራው የሚፈጅበትን ጊዜ አሳንሶ የመገመት ዝንባሌ እንዳለው ጽፈዋል፤ በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው የገመቱ ተማሪዎች ከ55 ቀን በላይ ፈጅቶባቸዋል። ሁለት ሰዓት ይበቃኛል ብዬ ለማስበው ሥራ ሦስት ሰዓት የምመድበው ከዚህ የተነሣ ነው። ከመገናኛ ወደ ፒያሳ የሚወስደውን መንገድም ራሱን የቻለ ሳጥን አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ታክሲ የመጠበቂያው ጊዜ ካልተቆጠረ የቀኑ ሒሳብ ገና ከጠዋቱ ይዛባል።

ውጭ አገር ካሉ ቤተሰቦችና ደንበኞች ጋር ለሚገናኝ ሰው መተግበሪያው ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል፤ ዋሽንግተን በበጋቸው ከእኛ በሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ መሆኗን ራሱ ስለሚያውቅ ሒሳቡን ለተጠቃሚው ያቀልለታል። ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ግን ቀጠሮው የሚታሰረው በተፈጠረበት የሰዓት ክልል መሆኑን ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት የሚደረገውን የቤተሰብ ጥሪ አዲስ አበባ ያለው ሰው ከፈጠረው፣ አሜሪካኖቹ በኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ የእኛ 10 ሰዓት እንደሆነ ይቆይና የእነርሱ ከጠዋቱ 9፡00 ወደ 8፡00 ይወርዳል። ዋሽንግተን ያለችው እኅት ከፈጠረችው ግን የእርሷ 9፡00 ይጸናና የእኛው ወደ 11 ሰዓት ይገፋል። ተደጋጋሚ ቀጠሮ ከመፍጠር በፊት የማን ሰዓት መጽናት እንዳለበት መነጋገር ተገቢ ነው፤ ቅዳሜ በማለዳ መነሣት ማንን እንደሚከብደው ታይቶ ማለት ነው።

የሥራና የግል አካውንት ያለው ሰው ሁለቱንም በአንድ ስልክ ላይ አስገብቶ በአንድ ገጽ ማየት ይችላል። ሆኖም በግል ካላንደሩ ላይ ያለው የሐኪም ቀጠሮ ለሥራ ባልደረቦቹ ስለማይታይ በዚያው ሰዓት ስብሰባ ሊጠሩበት ይችላሉ፤ ለዚህ የሚሻለው በሥራው ካላንደር ላይ ያለ ዝርዝር «አልመችም» የሚል ሳጥን ማስቀመጥ ነው። የመሥሪያ ቤትን ካላንደር የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤቱ እንደሆነም መዘንጋት የለበትም። በ2021 እ.ኤ.አ. የተጨመረው፣ ለጥሞና ሥራ በተመደበ ሰዓት የሚመጡ የስብሰባ ግብዣዎችን በራሱ የሚመልሰው አገልግሎት በተወሰኑ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት አካውንቶች ላይ እንጂ በነጻው የግል አካውንት አይገኝም።

ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ የስልኩ መተግበሪያ ቀጠሮዎቹን ያሳያል፣ አዲስም ይቀበላል፤ መስመሩ ሲመለስ ራሱ ያስተካክላል። በኮምፒውተር ግን ያለ ኢንተርኔት ቀጠሮ መለወጥ አይቻልም።

ሥራን በራሳቸው ሰዓት ላይ የሚደለድሉ እንደ ሞሽንና ሪክሌም ያሉ፣ ወይም እንደ ሰንሳማ ማለዳ ማለዳ ቀኑን አስቀምጠው የሚያስቅዱ መተግበሪያዎችም አሉ። ሐሳባቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሞሽንና ሰንሳማ በየወሩ በዶላር የሚከፈልባቸው ሲሆኑ፣ በብር ብቻ የሚሠራ የባንክ ካርድ ላለው ሰው መክፈያው ራሱ ችግር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ በብር ሲሰላ ዋጋው ለአንድ የቀን መቁጠሪያ የሚከፈል አይመስልም። በራስ ሰር መደልደሉንም ቢሆን እጠራጠረዋለሁ፤ ማሽኑ ባዶ ያየውን ሰዓት ሁሉ ሊሞላው ስለሚሞክር ለእኛ ዓይነቱ ሳምንት ባዶ ቦታ ትርፍ ሳይሆን መጠባበቂያ መሆኑን በየጊዜው ማስረዳት ይጠይቃል።

ቀናቸውን በከፊልም ቢሆን ራሳቸው ለሚወስኑ፣ ማለትም ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለተርጓሚ፣ ለመምህር፣ ቤት ሆኖ ለሚሠራ ሰው ነጻው ጉግል ካላንደር ከነጉድለቱ በቂ ነው። ሱቅ ለሚጠብቅ ወይም ደንበኛ በደወለ ቁጥር ለሚነሣ የጥገና ባለሙያ ግን የታስክ ዝርዝሩና የቋሚ ክፍያዎች ማሳሰቢያ ብቻ ይጠቅመዋል፤ ቀኑን በሳጥን መከፋፈል ለእርሱ ያልያዘውን ሰዓት እንደመመደብ ስለሚሆን እንዲሞክረው አልመክርም።